ቃሉ በደረሰበት ይቅርታውም ይድረስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዐቢይ ጾም ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በገዳመ ቆሮንቶስ የጾመው ጾም ነው። እርሱ የጾመው 40 ቀንና 40 ሌሊት ሲሆን ቤተ ክርስቲያናችን በፊት ዘወረደን፣ በኋላ ሰሙነ ሕማማትን አክላ 55 ቀን ትጾመዋለች። ሥጋው፣ ቅቤው፣ ወተቱ፣ እንቁላሉ ከቤታችን ወጥቷል፤ ድስቱ ሳይቀር ታጥቦ ተለይቷል። ብዙዎቻችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳንቀምስ እንውላለን። ከሆድ ጋር ዓይንም፣ ጆሮም፣ አንደበትም መጾም እንዳለባቸው ደግሞ ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው አስተምሮናል። ይህንን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሰባኪው ሲጀምረው እኛ እንጨርስለታለን። ነገር ግን ብዙ ያላሰብንበት አንድ ነገር አለ። በዚህ ዘመን ጣትም አንደበት ሆኗል። ቀኑን ሙሉ ከማንም ጋር ክፉ ሳይነጋገር፣ በጸጥታ ቁጭ ብሎ፣ ጾሙንም ሳይፈታ በጣቱ የወንድሙን ስም አርዶ የሚያድር ሰው አለ።

ስለዚህ በዚህች ትንሽ ጽሑፍ አንድ ነገር እንነጋገራለን፤ በብዙ ሰው ፊት ተናግረን ወይም ጽፈን ሰውን ስንበድል እንዴት ይቅርታ እንጠይቅ? ከስሕተታችንስ ምን እንማር?

ጽዋውና ስልኩ

ጽዋ ማኅበር ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በወር አንድ ቀን፣ በጻድቁ ወይም በመልአኩ ወይም በእመቤታችን ቀን፣ ተራ የደረሰው ሰው ቤት እንሰበሰባለን። ጸሎት ይደረሳል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ጽዋው ለቀጣዩ ባለተራ ይሰጣል። ሙሴው ሥርዓቱን ያስከብራል። በብዙ ማኅበራት የተጣላ ሰው ካለ ሳይታረቅ ጽዋውን አይቀምስም። የአባቶቻችን ጥበብ ነው። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሲነጋገር ዓይን ለዓይን ይተያያል፤ የወንድሙ ፊት ሲጠቁር ቃሉን ያለዝባል። ነገሩ ቢከር እንኳ አንድ እናት "ኧረ ልጆች፣ በጻድቁ!" ብለው ይገባሉ፤ ጠቡም እዚያው ይበርዳል።

ዛሬ ግን ብዙው ማኅበር ሁለት ቤት አለው። አንዱ የባለተራው ቤት ነው፤ ሌላው በየኪሳችን ያለው የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ግሩፑን አንንቀፈው፤ ብዙ በጎ ነገር ይሠራበታል። ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ ከቅዳሴ የራቀች እኅታችን የማኅበሯን ጸሎት የምትሰማው በእርሱ ነው። አንዱ ሲታመም ገንዘብ የሚሰበሰበው፣ አንዱ ሲያርፍ ለቅሶው የሚነገረው በእርሱ ነው። ዋሽንግተን ያለውም ዱባይ ያለውም መዋጮውን የሚልከው እዚያ ላይ አይቶ ነው። ነገር ግን በዚህኛው ቤት ውስጥ ፊት አይታይም። "ኧረ በጻድቁ" የሚሉት እናትም ብዙ ጊዜ የያዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ነውና የሚባለውን አያዩትም።

እስቲ በየማኅበሩ ሊደርስ የሚችል አንድ ነገር እናስብ። ማኅበሩ ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መጋረጃ ሊያሠራ ገንዘብ አዋጣ እንበል። ሁለት ወር አለፈ፤ መጋረጃው የለም። አንድ አባል ከሥራ ደክሞ ገብቶ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ በግሩፑ ውስጥ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "ገንዘቡ የት ገባ? የቤተ እግዚአብሔርን ገንዘብ የበላ ሰው አይባረክም። ገንዘብ ያዧ መልስ ይስጡን!" ከ60 አባላት 50ዎቹ አነበቡት። ሦስቱ "ትክክል ነው" አሉ። አንዷ የእሳት ምልክት ለጠፈችበት። ገንዘብ ያዧ የልጆች እናት ናቸው፤ የማኅበሩን ገንዘብ ለ9 ዓመት ያለ አንዲት ሳንቲም ጉድለት ይዘዋል። ጠዋት ለኪዳን ሲነሡ ስልካቸውን ከፍተው አነበቡት። ገንዘቡ ግን ለሰፊው ቀብድ ተከፍሏል፤ ደረሰኙም በማኅበሩ ጸሐፊ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ጸሐፊው በማግስቱ ደረሰኙን ፎቶ አንሥቶ አስቀመጠው። እውነቱ ወጣ።

ከሳሹ ወንድም ምን አደረገ? መጀመሪያ የጻፈውን አጠፋው። እሑድ ጠዋት የእመቤታችንን ሥዕል "መልካም ሰንበት" ከሚል ጋር ለጠፈ። ሰኞ ደግሞ ለገንዘብ ያዧ ለብቻቸው "እትዬ፣ በነገሩ ቅር ከተሰኙ ይቅርታ" ብሎ ላከላቸው። በቃ፤ በእርሱ ሒሳብ ታረቀ። እርሳቸውም "ምንም አይደል ልጄ" ብለው መለሱ። በሚቀጥለው ወር ግን ጽዋው ላይ አልመጡም። ደብተሩንና የሣጥኑን ቁልፍ በልጃቸው እጅ ላኩ።

ምእመናን ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህ ወንድም ክፉ ሰው አይደለም። ይጾማል፣ ያስቀድሳል፣ ዐሥራት ያወጣል። ይቅርታም ጠይቋል። ታዲያ እርቁ ለምን አልሠመረም?

ስሙን ያጠፋው በ50 ሰው ፊት ሆኖ ሳለ የመለሰው በአንድ ሰው ፊት ስለሆነ ነው። ጽሑፉን ማጥፋቱ ምንም አልጠቀመም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከጣት የወጣማ ከነሰዓቱ ከነደቂቃው ተመዝግቦ ይቀመጣል። ማን ስክሪን ሹት አንሥቶ ለማን እንደላከው በምን ይታወቃል? ደግሞም አስቡት፤ ሌሊት ክሱን ያነበበ፣ ከዚያ በኋላ ሥራ በዝቶበት ግሩፑን ያልከፈተ ሰው አለ። እርሱ ዘንድ እኚያ እናት እስከ ዛሬ ሌባ ናቸው። ማጥፋት የሚረዳው አጥፊውን ነው፤ ዓይኑ እንዳያየው። ሥዕለ አድኅኖውንም ቢሆን በበደላችን ላይ እንደ መሸፈኛ ጨርቅ መጣል አይገባም ነበር። እመቤታችን የተበደሉትን እናት ታውቃቸዋለችና።

"ቅር ከተሰኙ" የምትለዋን ቃል ደግሞ ደጋግማችሁ እዩአት። ማን በደለ ትላለች? ማንም። ጥፋቱ የተቀየመው ሰው እንዲሆን ታደርጋለች። ይህች ዓይነት ይቅርታ ጥንትም ነበረች።

ሳኦልና ዳዊት

ሳኦልም ዳዊትም በነቢይ ተገሥጸዋል፤ ሁለቱም በድያለሁ ብለዋል። አንዱ ተጣለ፤ አንዱ ተነሣ።

ሳኦል አማሌቃውያንን ከነከብታቸው እንዲያጠፋ ታዝዞ ሳለ የሰባውን በግና በሬ አስቀረ። ሳሙኤል ሲመጣ ቀድሞ ትእዛዙን ፈጽሜአለሁ አለው፤ በጎቹ ግን ከኋላው ይጮኹ ነበር (1ኛ ሳሙ. 15፥13-14)። ሲጠየቅ ያስቀረው ሕዝቡ ነው አለ። ቀጥሎ ለእግዚአብሔር ልንሠዋው ነው አለ። መውጫ ሲያጣ በድያለሁ አለና ወዲያው ሕዝቡን ፈርቼ ነው የምትል ምክንያት ጨመረባት። በመጨረሻ በልቡ ያለው ወጣ፤ በሽማግሌዎችና በእስራኤል ፊት ክብሩ እንዲጠበቅለት ሳሙኤልን ለመነው (15፥30)። ጭንቀቱ ሁሉ ሰው ምን ይለኛል ነበር። እኛም "ደክሞኝ ነበር እኮ"፣ "ሌሎቹም ሲያጉረመርሙ ነበር"፣ "እኔ ለቤተ ክርስቲያን ብዬ ነው" ስንል በጎቹ ከኋላችን እየጮኹ ነው።

ዳዊት ከሳኦል የሚበልጥ በደል ነበረበት፤ የሰው ሚስት፣ ከዚያም የሰው ነፍስ። ናታን የድሃውን ሰው የአንዲቱን በግ ታሪክ ነግሮት ያ በዳይ ራሱ ዳዊት መሆኑን ሲገልጥለት መልሱ አጭር ነበር (2ኛ ሳሙ. 12፥13)። ምክንያት አልጨመረም። ቤርሳቤህን አልከሰሰም፤ ጦርነቱን፣ ድካሙን፣ ሹማምንቱን አላነሣም። ከዚህም የሚገርመው መዝሙር 50 ነው። መዝሙሩ በርእሱ ላይ መቼና ስለ ምን እንደተጸለየ ይናገራል፤ ናታን በመጣበት ጊዜ፣ ስለ ቤርሳቤህ። ንጉሥ ነውና ነገሩን ማስደበቅ ባላቃተው ነበር። እርሱ ግን በጉባኤ የሚዜም ጸሎት አደረገው። ይኸው ሦስት ሺሕ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ዳዊት የሚደግም ሁሉ የዳዊትን በደል እያነበበ በዚያው የራሱን ይናዘዛል።

በሸንጎ መካከል

ለእኛ ጉዳይ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው የቅዱስ ጳውሎስ ታሪክ ይመስለኛል። በሰባኪዎቻችን ዘንድ ብዙም ሲጠቀስ አይሰማም፤ ለዚህ ዘመን የተጻፈ ያህል ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 23 ላይ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም በአይሁድ ሸንጎ ፊት ቆሟል። ገና መናገር ሲጀምር ሊቀ ካህናቱ ሐናንያ አፉን እንዲመቱት አዘዘ። ጳውሎስም በኖራ ከተቀባ ግድግዳ ጋር አመሳስሎ፣ እግዚአብሔር እንደሚመታው ተናገረው፤ በሕግ ልትፈርድ ተቀምጠህ ያለ ሕግ ታስመታኛለህን ሲል። በአጠገቡ የቆሙት ደግሞ የእግዚአብሔርን ሊቀ ካህናት ትሳደባለህን አሉት። ሊቃውንት ይህንን ንግግር በየመልኩ ተርጉመውታል፤ ትንቢት ነው ያሉም አሉ። እኛ የምንማርበት ግን ቀጥሎ ያደረገውን ነው። እዚያው፣ በዚያው ሸንጎ መካከል፣ በዚያች ሰዓት "ወንድሞች" ብሎ ጠርቶ ሊቀ ካህናት መሆኑን እንዳላወቀ ተናገረ፤ በሕዝብ አለቃ ላይ ክፉ መናገርን የሚከለክለውን የኦሪት ትእዛዝም ራሱ በራሱ ላይ ጠቀሰ (ሐዋ. 23፥1-5)።

ልብ አድርጉ። የተመታው ጳውሎስ ነው። ያለ ሕግ የተመታ ሰው ነው። "እርሱ ቀድሞ አስመታኝ" ቢል ማን ይፈርድበታል? አላለም። ማታ ሸንጎው ከተበተነ በኋላ ለሐናንያ በሰው እጅ መልእክት አልላከም። ቃሉ በወጣበት ቦታ፣ በሰሙት ሰዎች ፊት አስተካከለው። እርሱ የጠቀሰው መጽሐፍም የሚወቅሰው ራሱን ነው። በየግሩፑ ጥቅስ ስንለጥፍ ብዙውን ጊዜ ለሌላው ሰው ነው የምንለጥፈው፤ ለራሳችን የለጠፍነው ስንቱን ይሆን?

ዘኬዎስም እንዲሁ ነው። የቀማውን በጓዳ አልመለሰም። ሰዎች ሁሉ ሲያጉረመርሙ ቆሞ ተናገረ፤ የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች፣ በሐሰት የወሰደውን ደግሞ አራት እጥፍ (ሉቃ. 19፥8)። ገንዘብ የሰረቀ ገንዘብ ይመልሳል። ስም የሰረቀስ? ስም ይመልሳል።

ታዲያ ያ ወንድማችን ምን ቢያደርግ ይሻለው ነበር? አስቀድሞ ስልኩን አስቀምጦ በእግሩ ወደ እትዬ ቤት መሄድ ነበረበት። በሀገራችን በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳይ ደጅ ይወድቅ ነበር፤ በአንዳንድ ቦታ ዛሬም አለ። ድንጋዩ ሸክሜን አውርዱልኝ ማለት ነው፤ መንደርተኛው ሁሉም ያየዋል። ይህ ወንድም ድንጋይ እንኳ ባይሸከም በራቸውን ማንኳኳት አያቅተውም። እዚያ ከታረቀ በኋላ፣ እርሳቸውንም አስፈቅዶ፣ በግሩፑ ውስጥ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦

"ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ባለፈው ማክሰኞ ማታ በዚህ ግሩፕ ገንዘብ ያዣችን የቤተ ክርስቲያንን ገንዘብ እንደበሉ አድርጌ ጽፌ ነበር። ሐሰት ነው። ሳልጠይቅ ነው የጻፍኩት። ገንዘቡ በሥርዓቱ ተከፍሏል። በፊታችሁ አዋርጃቸዋለሁና በፊታችሁ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። የዚያን ቀኑን መልእክት ለሌላ ሰው ያሳያችሁ ካላችሁ ይህንንም አሳዩልኝ።"

ረጅም አይደለም። ምን እንዳደረገ ይናገራል፣ ሐሰት መሆኑን ይናገራል፣ ማንን እንደበደለ ይናገራል። ድካሙ፣ ሌሊቱ፣ የሌሎቹ ማጉረምረም አልገባበትም። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ደግሞ የዘኬዎስ አራት እጥፍ ናት፤ ክሱ የሮጠበትን መንገድ ሁሉ ይቅርታውም እንዲሮጥበት ታደርጋለች።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። ኀጢአት ሁሉ በጉባኤ አይነገርም። በልብህ ብቻ ያማኸውን ሰው "አምቼሃለሁ" ብለህ በ60 ሰው ፊት ብትጽፍለት አዲስ ቁስል ነው የምትከፍትበት፤ እርሱን ለንስሐ አባትህ ንገር። የሰውን የቤት ምስጢር አውጥተህ ከሆነም ይቅርታ ስትጠይቅ ምስጢሩን እንደገና አትድገመው፤ "ልናገር የማይገባኝን ተናግሬአለሁ፣ ይቅር በሉኝ" ይበቃል። በአደባባይ የተሠራው በአደባባይ፣ በስውር የተሠራው በስውር ይታከማል። ደግሞም "ለንስሐ አባቴ ነግሬአለሁ፣ ስግደቱንም ሰግጃለሁ፣ አለቀ" የምንል አለን። አላለቀም። ጌታችን መባህን ይዘህ በመሠዊያው ፊት ሳለህ ወንድምህ የሚያዝንብህ ነገር ትዝ ቢልህ መባውን እዚያው ትተህ አስቀድመህ ሄደህ ታረቅ ብሎናል (ማቴ. 5፥23-24)። መባው ቤተ መቅደስ ደርሶም ይጠብቃል ማለት ነው። ንስሐ አባቶቻችንም "መጀመሪያ ታረቅና ና" የሚሉን ከዚህ የተነሣ ነው።

"ቀንቼ ነው እኮ"

በመንፈሳዊ ማኅበር ውስጥ ይቅርታን የሚያስቸግረው ትልቁ ነገር ይህ ነው። በዕድር ቢሆን ኖሮ "ተናድጄ ነው" እንል ነበር። በማኅበር ግን "ለቤተ እግዚአብሔር ቀንቼ" እንላለን። ቅናት ደግሞ ይቅርታ የሚጠየቅበት አይመስለንም።

የዐቢይ ጾም ሦስተኛው ሳምንት ምኩራብ ይባላል። ጌታ የቤተ መቅደሱን ነጋዴዎች ያስወጣበት ወንጌል ይነበባል፤ ስለ ቤቱ ቅናትም ይዘመራል። እኛም ጅራፉን ብቻ ሰምተን እንወጣለን። ወንጌሉን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ጠረጴዛውን ገለበጠ፣ ገንዘቡን በተነ። የርግብ ሻጮቹ ጋ ሲደርስ ግን ከዚህ ውሰዷቸው ብሎ በቃል አዘዘ (ዮሐ. 2፥15-16)። ገንዘብ ቢበተን ይለቀማል፤ ርግብ ከተለቀቀች ግን አትመለስም። ይህ የእኔ ማስተዋል ነው፤ ሊቃውንቱ ከዚህ የጠለቀ ትርጓሜ አላቸው። ሆኖም ግን የሰው ስም እንደ ርግቧ መሆኑን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ደግሞም ጌታ የቤቱ ባለቤት ነው። እኛ ደረሰኙን እንኳ ያላየን ሰዎች ነን።

መማር የሚባለውም ከዚህ ይጀምራል። ይቅርታ ጠይቆ በሚቀጥለው ወር ያንኑ የሚደግም አለ፤ ይቅርታው ልማድ ይሆንበታል። ስለዚህ ሰው በወደቀበት ቦታ ቆሞ መሬቱን ማየት አለበት፤ ምን አደናቀፈኝ? ያ ወንድም ቢመረምር የሚያገኘው ግልጽ ነው። መጠየቅ ሲገባው ፈረደ። ለአንድ ሰው ሊደውል ሲገባው ለ60 ሰው ጻፈ። ደክሞና ተናድዶ ሳለ በሌሊት ጻፈ።

ጌታችን ወንድምህ ቢበድልህ ሂድና አንተና እርሱ ብቻ ሆናችሁ ንገረው፤ ባይሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምር፤ ያንንም ባይሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር ብሏል (ማቴ. 18፥15-17)። ሦስት ደረጃ ነው። እኛ በግሩፑ የምንጀምረው ከሦስተኛው ነው። አቂላና ጵርስቅላ እንዴት እንዳደረጉ ደግሞ ተመልከቱ። አጵሎስ አንደበተ ርቱዕ ነበር፤ በኤፌሶን ምኩራብ በግልጥ ያስተምር ነበር። ነገር ግን የሚያውቀው የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነው። ሰሙት። ተነሥተው በጉባኤው መካከል "ተሳስተሃል" አላሉትም፤ ወደ እነርሱ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አብልጠው ገለጡለት (ሐዋ. 18፥24-26)። እርሱም ሳያፍር ተማረ፤ ሄዶም ለአካይያ ምእመናን ብዙ ጠቀመ። በጉባኤ አዋርደውት ቢሆን ኖሮ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰባኪ ታጣ ነበር።

እንግዲህ በዚህ ጾም አንዲት ልማድ እንያዝ። በማኅበራችን ጉዳይ የሚያናድደን ነገር ሲመጣ ጽፈን፣ ሳንልከው፣ አስቀምጠነው እንደር። ጠዋት ውዳሴ ማርያሙን ደግመን እንደገና እናንብበው። ከዚያም ለሚመለከተው ሰው እንደውል። የሚበዛው ሳይላክ ይቀራል፤ ሞክሩት።

አንብበው ዝም ያሉት

እስካሁን ስለ ከሳሹ ብቻ ተናገርን። "ትክክል ነው" ያሉት ሦስቱስ? እሳት የለጠፈችውስ? ክሱን ለማሟሟቅ ፈጣኖች ነበሩ፤ ደረሰኙ ሲወጣ ግን አንዳቸውም ድምፅ አላሰሙም። እነርሱም በዚያው ግሩፕ አንድ አንድ መስመር ዕዳ አለባቸው። አንብበው ዝም ያሉትም ቢሆኑ አንዳቸው ለእኚያ እናት ደውለው "እትዬ፣ እኔ አላመንኩትም" ቢሏቸው ኖሮ ደብተሩ ባልተመለሰ ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ ከሳሹ ይቅርታ በጠየቀ ማግስት እርሱን መፍጀት የሚጀምር አለ። "ድሮም እኮ እርሱ..." ብሎ የአምስት ዓመቱን ይዘረዝራል። በገዳመ አስቄጥስ አንድ ወንድም በደለ ተብሎ መነኮሳቱ ሊፈርዱበት ሲሰበሰቡ ሰኔ 24 ቀን የምናስበው አባ ሙሴ ጸሊም ቀዳዳ ዘንቢል አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። አሸዋው ከኋላው ይፈስ ነበር። ምንድን ነው ቢሉት ኀጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ እኔ ሳላየው በሌላው ልፈርድ መጣሁ አላቸው፤ እነርሱም ያንን ወንድም ይቅር አሉት። አባ ሙሴ ከምንኩስናው በፊት ሽፍታ ነበር። ይቅርታ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የሚያውቅ ሰው ነው።

ለተበደላችሁትም ለእናንተ አንድ ነገር ልበል። "ምንም አይደል" አትበሉ። ከሆነ ነገር ነው፤ ቆስላችኋል። "ምንም አይደል" ብሎ ደብተሩን ከመላክ "አዎ፣ አዝኛለሁ፣ በሰው ፊት አዋርደኸኛል" ብሎ ፊት ለፊት መናገር ለእርቅ ይቀርባል። ይቅር ማለት የጌታ ትእዛዝ ነው፤ ከእርሱ አናመልጥም። ልብ እስኪሽር ግን ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት እስኪለያዩ ድረስ ተከራክረው ነበር፤ ማርቆስ በጵንፍልያ ትቷቸው ስለተመለሰ ጳውሎስ አላምነውም አለ (ሐዋ. 15፥37-40)። ዓመታት አለፉ። ያው ጳውሎስ በመጨረሻ ዘመኑ፣ ታስሮ ሳለ፣ ማርቆስ ለአገልግሎት ይጠቅመኛልና ይዘኸው ና ብሎ ለጢሞቴዎስ ጻፈለት (2ኛ ጢሞ. 4፥11)። መጽሐፍ ጠባቸውንም እርቃቸውንም አልደበቀም፤ ሁለቱም በጉባኤ ይነበባሉ።

የማኅበር ሙሴዎች፣ የግሩፕ አድሚኖች፣ የእናንተ ድርሻ ከባድ ነው። ዲድስቅልያ በተባለው ጥንታዊ የሥርዓት መጽሐፍ የተጣሉትን የመዳኘት ነገር ሰኞ እንዲሆን ታዝዟል፤ ነገሩ ባይበርድ እንኳ እስከ እሑድ ድረስ የማስታረቂያ ቀናት እንዲኖሩ፣ በሰንበት ቅዳሴ ላይ የተጣላ ሰው እንዳይቆም። መልካም ሥርዓት ነው፤ ለግሩፕም ይሆናል። ጠቡ ቅዳሜ ማታ ከተነሣ እዚያው ሌሊቱን አትሟገቱበት። ዝጉት። ሰኞ ሁለቱን ጥሩና አነጋግሩ። ግሩፑን ትቶ የወጣ ሰው ካለ ደግሞ በስም አስቡት፤ ብዙ ጊዜ "ወጥቷል" የምትለዋ አጭር ጽሑፍ ትታያለች፣ ከዚያ ወሬው ይቀጥላል፣ የወጣውም ተረስቶ ይቀራል። እርሱን ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ አምጡት።

ጊዜውም አጭር ነው። ሰሙነ ሕማማት ከገባ የይሁዳን ሰላምታ እያሰብን ሰላምታ አንለዋወጥም፤ መስቀል አንሳለምም፤ ፍትሐትም አይደረግም፤ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ሁሉ አስቀድሞ በሆሣዕና ዕለት ይፈታል። ስለዚህ በማኅበርም ሆነ በስልክ በቃላችሁ የቆሰለ ሰው ያላችሁ፣ እስከ ሆሣዕና ባሉት ቀናት ሂዱና በሩን አንኳኩ፤ ከእርሱም ቤት ስትወጡ ቃላችሁ ለደረሳቸው ሁሉ ጻፉላቸው። በሆሣዕና ቅዳሴ ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ሲያዝ ዘንባባችሁን እንደያዛችሁ ወደ ጎን ዞር በሉ፤ ምናልባት እትዬ በሴቶች በኩል ቆመው ታይዋቸው ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር